እስፖንጅ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ቤት ስቱዲዮ ጥያቄና መልስ

ቤታችሁ ውስጥ ስቱዲዮ ለመሥራት የምታስቡ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስም ሳልጠቅስ ከየት እንደተላኩ ብቻ ጽፌ መልሻለሁ። ሥራዬ ክፍል ለቀረጻ ማዘጋጀት ነው። ማይክም ሳውንድ ካርድም አልሸጥም። ስለዚህ "ይሄን ግዙ" ከምል "ይሄን አትግዙ" ማለት ይቀናኛል።

ከሰሚት ኮንዶሚኒየም፦ የጎረቤቴ ቴሌቪዥን ማይኬ ውስጥ ይገባል። ግድግዳውን ሙሉ እስፖንጅ ብለጥፈው ይቆማል?

አይቆምም ወንድሜ። ብርህን ያዝ።

ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ሥራዎች አሉ። አንዱ ድምፅ ከውጭ እንዳይገባ፣ ከውስጥም እንዳይወጣ ማገድ ነው። ሌላው ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ኢኮ እንዳይፈጥር መዋጥ ነው። እስፖንጅ የሚሠራው ሁለተኛውን ብቻ ነው። እስፖንጁን አፍህ ላይ አድርገህ ንፋበት፤ ትንፋሽህ ወዲያ ማዶ ይወጣል። ትንፋሽ ያሳለፈ ነገር ድምፅን አያግድም። የሚያግደው ክብደት ነው፦ ብሎኬት፣ ልስን፣ ኮንክሪት፣ ድርብ ጅብሰም፣ ወፍራም ኤምዲኤፍ።

ያንተን ቤት በተመለከተ መጀመሪያ የሚታየው ልስኑ ነው። ያልተለሰነ ብሎኬት ቀዳዳው ብዙ ነው፤ መጋጠሚያውም በሲሚንቶ በደንብ አይሞላም። ከጎረቤት ጋር የምትዋሰንበት ግድግዳ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ከኮርኒስ በላይ ሁሉ ተለስኗል ወይ? ቀጥሎ ሶኬቶቹን እይ። ያንተና የጎረቤትህ ሶኬት ጀርባ ለጀርባ ከሆኑ በመሀላቸው ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው። ቆጣሪውን አጥፍተህ በኤሌክትሪሺያን አስፈታውና ዙሪያውን ድፈነው። ብዙ ጊዜ የቴሌቪዥኑ ወሬ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ያው ጠያቂ፦ እሺ፣ ግድግዳው ላይ ጅብሰም ቦርድ ብጨምርበትስ?

እላዩ ላይ በቀጥታ ከመታኸው ለውጡን አትሰማውም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአንድ ግድግዳ ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የሚያግደው ድምፅ ቢበዛ በ6 ዴሲቤል ከፍ ይላል። ለጆሮ "በግማሽ ቀነሰ" የሚባለው ደግሞ 10 ዴሲቤል አካባቢ ሲቀንስ ነው። አንድ ካሬ ሜትር የተለሰነ ብሎኬት ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባለ 12 ሚሊ ጅብሰም 10 ኪሎ አይሞላም። መቶ ኪሎ ላይ አሥር ኪሎ ጨምረህ ምን ታገኛለህ?

የሚሠራው ከግድግዳው ጋር የማይነካካ ሁለተኛ ግድግዳ ማቆም ነው። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ራቅ ብሎ የሞራሌ ወይም የላሜራ ፍሬም ይቆማል። ውስጡ በሮክ ዎል፣ ማለትም ከድንጋይ በተፈተለ ሱፍ መሰል ነገር ይሞላል። ፊቱ ላይ ሁለት ድርብ ጅብሰም ይመታል፤ የላይኛው መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር እንዳይገጥም ይደረጋል። ዙሪያው በሲሊኮን ይዘጋል። አንዲት ምስማር ከዋናው ግድግዳ ጋር ካያያዘችው ግን ድምፁ በእሷ ይሻገራል። ይሄ ሁሉ ከክፍልህ 15 ሳንቲ ያህል ይበላል። ለኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት፣ ለአንድ ጎረቤት ቴሌቪዥን፣ እኔ አልመክርም። ሶኬቱንና በሩን ጨርስ፤ ከዚያ ጎረቤትህን አናግረው። ከጅብሰም ይረክሳል።

ከሃያት፦ በሬ ላሜራ ነው። ምን ላድርገው?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ገንዘብ በር ላይ ሲወጣ ደስ ይለኛል።

ግድግዳህ የቱንም ያህል ቢከብድ ከጠቅላላ ስፋቱ መቶኛዋ እጅ ክፍት ከሆነች ከ20 ዴሲቤል በላይ አያግድም። በር ሥር ያለችው የሁለት ጣት ክፍተት እንዲህ ነው የምትጫወትብህ። ስለዚህ ማታ መብራት አጥፋና ክፍሉ ውስጥ ቁም። አንድ ሰው ከውጭ በስልክ ባትሪ የበሩን ዙሪያ ቀስ እያለ ያብራ። ብርሃን የገባበትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ከላይ ከማጠፊያው በኩል፣ ከቁልፉ ቀዳዳ፣ ከሥር። ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር በተገናኘበትም ታገኛለህ፤ አናጺው ፍሬሙን ተክሎ ዙሪያውን በልስን ሸፍኖት ይሄዳል እንጂ ውስጡን አይሞላውም። እሱን ቆፍረህ በሲሚንቶ ሙላው።

ከዚያ ፍሬሙ ላይ፣ በሩ የሚያርፍበት ጠርዝ ሁሉ ጎማ ለጥፍ። የመኪና በር ጎማ ሜርካቶ መለዋወጫ ተራ ይገኛል፤ ከቀጭኑ የመስኮት ስፖንጅ ይሻላል፤ ቶሎ አይሞትም። በሩ ሲዘጋ ትንሽ መታገል አለበት። ሳይታገል ከተዘጋ ጎማው አልነካም ማለት ነው። ከሥር ደፍ ሥራ፣ ከጣውላም ይሁን ከሲሚንቶ፣ በሩ እላዩ ላይ እንዲያርፍ፤ እዚያም ጎማ።

ይሄ ካለቀ በኋላ ነው ክብደት የሚመጣው። የላሜራ በር በቱቦላሬ ፍሬም ላይ የተበየደ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ስታንኳኳው ይጮሃል። ከውስጥ በኩል በቱቦላሬው መሀል ያለውን ክፍት ቦታ በሮክ ዎል ሙላና 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ በብሎን እሰርበት። አንድ ካሬው 13 ኪሎ ያህል ነው፤ ስለዚህ ማጠፊያ ጨምር፤ አለዚያ በሩ በሁለት ወር ይወርድብሃል። ድጋሚ አንኳኳው። "ጓ" ማለቱ ቀርቶ "ዱብ" ካለ ደርሰሃል።

ከአዳማ፦ የእንቁላል ካርቶንስ?

አይ።

ከአዳማ፣ ድጋሚ፦ ለምን? ሁሉም ሰው ይለጥፋል እኮ።

ስስ ወረቀት ነው። አያግድም፤ የሚውጠውም ጥቂት ቀጫጭን ድምፆችን ብቻ ነው። ክፍሉ ዝም ያለ ይመስልሃል፤ ድምፅህ ግን የታፈነና የሚያጉረመርም ሆኖ ይቀረጻል። ዋናው ግን እሳቱ ነው። ደረቅ ወረቀት በአራቱም ግድግዳ ለጥፈህ፣ የኤክስቴንሽን ገመድ ደርድረህ፣ አንድ በር ያለው ክፍል ውስጥ ትቀመጣለህ።

ርካሽ እስፖንጅም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ ስቴሽን የተባለ የምሽት ክበብ ሲቃጠል 100 ሰው ሞቷል። መድረክ ላይ የተለኮሰው ርችት ግድግዳው ላይ ለድምፅ ተብሎ የተለጠፈውን እስፖንጅ ነው ያያዘው። በ2013 ብራዚል ውስጥ ኪስ በተባለ ክበብ በተመሳሳይ መንገድ 242 ሰው አልቋል። የፍራሽ እስፖንጅ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ራሱ መርዝ ነው። ሮክ ዎል ግን ድንጋይ ቀልጦ የተፈተለ ነው፤ አይቀጣጠልም።

ከጅማ፦ ቤቴ ቆርቆሮ ነው። ክረምት ሲገባ ሥራ አቆማለሁ። መፍትሔ አለ?

ግማሽ መፍትሔ አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ቆዳ ነው የሚመታው። ጩኸቱ የሚፈጠረው እዚያው ቆርቆሮው ላይ ስለሆነ ከሥር ቀጭን ቺፕውድ ኮርኒስ ቢኖርም ያልፋል። የሚረዳው፦ ከኮርኒሱ በላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሮክ ዎል ማንጠፍ፣ ኮርኒሱን ወደ ድርብ ጅብሰም መቀየር፣ የኮርኒሱን ሞራሌ ከጣሪያው ሞራሌ ጋር አለማያያዝ። አዲስ ኮርኒስ የምታሠራ ከሆነ ሞራሌዎቹ ከግድግዳ ግድግዳ ይዘርጉ እንጂ ከጣሪያው አይንጠልጠሉ። አናጺው "ይረግባል" ብሎ ይከራከርሃል። እውነቱን ነው፤ ስለዚህ ወፈር ያለ እንጨት ግዛ።

ይሄን ሁሉ አድርገህም የነሐሴ በረዶ ሲወርድ ቮካል አትቀዳም። ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነውና ቮካሉን ጠዋት ቅዳ፤ ከሰዓት ኤዲት አድርግ። ጊታርና ኪቦርድ ደግሞ በገመድ በቀጥታ ሳውንድ ካርድ ውስጥ ይገባሉ፤ ዝናቡ አያገባቸውም።

ከደብረ ታቦር፦ የጭቃ ቤት ውስጥ ስቱዲዮ ይሠራል? ጓደኞቼ ሳቁብኝ።

አንተም ሳቅባቸው። በደንብ የተመረገ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከባድ ነው፤ ድምፅ ያግዳል። ፊቱም እንደ ተለሰነ ኮንክሪት ስላልለሰለሰ ኢኮው ትንሽ ያንሳል። የጭቃ ቤት ችግር ከላይ ነው። ግድግዳው አልቆ ጣሪያው በሚያርፍበት ቦታ ዙሪያውን ክፍት ይቀራል። አቡጀዲ ኮርኒስ ደግሞ ድምፅ አይዘጋም። እዚያ ላይ ያለውን ክፍተት በጭቃና በጭድ እስከ ቆርቆሮው ሙላው፤ የተሰነጠቀውን ደግመህ ምረግ፤ ከዚያ ለጅማው ያልኩትን ኮርኒስ ሥራ። ይሄን ቤት ከብዙ የብሎኬት ቤት አስበልጠዋለሁ።

ከወላይታ ሶዶ፦ ጭድ በጆንያ ሞልቼ ግድግዳ ላይ ባሰልፍስ?

ድምፅ ይውጣል፤ አልዋሽህም። አይጥም ይወልዳል፣ ይሻግታል፣ ይቀጣጠላል። በሱ ፋንታ አሮጌ የጥጥ ፍራሽ ፈልግ። ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጥሩ ይውጣል። ሁለት ፍራሽ አቁመህ መሀላቸው ቆመህ ዝፈን። ከአምፖልና ከገመድ ግን አርቀው፤ ጥጥም ይነዳል።

ከነታንያ፦ ማማዱን ስቱዲዮ ላደርገው አስቤያለሁ። ግድግዳው ኮንክሪት፣ በሩ ብረት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ለሌሎቻችሁ፦ እስራኤል ውስጥ ከባህረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተሠሩ አብዛኞቹ አፓርታማዎች አንድ አንድ መጠለያ ክፍል አላቸው። ማማድ የሚሉት እሱ ነው። ግድግዳው ብረት የገባበት ወፍራም ኮንክሪት ነው። በሩና የመስኮቱ መዝጊያ ብረት ሆነው ዙሪያቸው ጎማ አለው።

እህቴ፣ ለማገድ ከሆነ እኛ በስንት ልፋት የማናገኘው በነጻ ደርሶሻል። ለመዋጥ ግን የከፋ ክፍል ነው። ትንሽና አራት ማዕዘን፣ ሁሉም ጎኑ ኮንክሪት። መሀል ቆመሽ አጨብጭቢ፤ ጭብጨባው "ትርርር" ብሎ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ወፍራም ፓኔሎች ያስፈልጉሻል። የእንጨት ፍሬም፣ 10 ሳንቲ ሮክ ዎል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። ጨርቁ ስትነፊበት ትንፋሽ የሚያሳልፍ ይሁን፤ አቡጀዲ ይበቃል። ስድስት ያህል ሥሪና በእግራቸው የሚቆሙ አድርጊያቸው። ሁለቱን ማዕዘን ላይ፣ ሁለቱን ከጀርባሽ፣ አንዳንዱን በግራና በቀኝ።

ግድግዳውን አትብሺው፤ በሩና መስኮቱ ፊት ምንም አታስቀምጪ። ሲረን ሲጮህ ያ ክፍል የቤተሰቡ መጠለያ ነው። ማይክ ስታንድ እየዘለለ የሚገባ ሰው መኖር የለበትም። እስፖንጅ ደግሞ እዚያ ውስጥ በፍጹም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ተከራይ ነኝ፤ ግድግዳ መንካት አልችልም። ክሎዜት ውስጥ ብቀዳስ?

ልብስ የሞላበት ከሆነ ጥሩ ነው። ካፖርትና ጋቢ ከብዙ ስስ እስፖንጅ የተሻለ ይውጣል። ግን ውስጥ ገብተህ በር ዘግተህ አትቅዳ፤ ሣጥን ውስጥ እንዳለህ ያስታውቃል። በሩን ክፈትና ጀርባህን ለልብሱ ሰጥተህ ቁም፤ ማይኩ አንተንና ልብሱን ይይ። ከማይኩ ጀርባ ደግሞ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀል። ስትቀዳ ማሞቂያውን ወይም ኤሲውን አጥፋ። የፎቁ ሰው እርምጃ በእንጨት ወለል ስለሚመጣ ከታች ሆነህ የምታደርገው ነገር የለም፤ ሥራ ሲሄድ ጠብቀው።

ከዱባይ፦ ኤሲ ካጠፋሁ እቃጠላለሁ።

ክፍሉን አስቀድመሽ አቀዝቅዢው። ኤሲውን አጥፍተሽ አንድ ስንኝ ቅጂ፣ መልሰሽ አብሪው፣ ዕረፊ፣ ድገሚ። ማጥፋት ካልተቻለ ዝቅተኛው ላይ አድርጊና የማይኩን ጀርባ ወደ ኤሲው አዙሪ። ካርዲዮይድ የሚባለው ማይክ በጀርባው በኩል የሚመጣውን ነው አጥብቆ የማይሰማው።

ከመገናኛ፦ ጎረቤት ይሰማኛል፤ መንገድም አለ። ኮንደንሰር ማይክ ልግዛ ወይስ ዳይናሚክ?

ባልተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ዳይናሚክ። ኮንደንሰር የታክሲውን ረዳት "ቦሌ፣ ቦሌ" ጭምር ነው የሚያመጣልህ። ዳይናሚክም በአስማት አይመርጥም፤ ሰው ጠጋ ብሎ ስለሚዘፍንበት ነው። አፍህን ከ30 ሳንቲ ወደ 15 ብታቀርበው ድምፅህ በ6 ዴሲቤል ያድጋል፤ የመንገዱ ጩኸት ግን ባለበት ይቀራል። ይሄ ነጻ ነው። ፖፕ ፊልተር (ከማይኩ ፊት የሚቆም የትንፋሽ ማጣሪያ) ግን አድርግበት፤ አለዚያ "ጰ"ና "ፐ" ያፈነዳብሃል።

ከጎንደር፣ የበገና መምህር፦ ለተማሪዎቼ ትምህርት መቅዳት እፈልጋለሁ። ድምፁ ይቀጥንብኛል፤ ጫጫታውም ይበዛል።

መምህር፣ በገና ድምፁ ዝቅ ያለ መሣሪያ ነው። የእርስዎ ችግር ከግድግዳው ይልቅ ክፍሉ ውስጥ ያለው ነው። ማቀዝቀዣውን ይንቀሉ፤ የላፕቶፑን ነፋሻ ያርቁ፤ የሚያጉረመርም የቆየ ፍሎረሰንት ካለ ያጥፉ። ከዚያ ዝም ብለው አንድ ደቂቃ ይቅዱና በሄድፎን ይስሙት። የቀረው ጫጫታ ምን እንደሆነ ያኔ ይለያል።

ድምፁ የሚቀጥነው ማይኩ ወደ ጣትዎ ስለሚያይ ይመስለኛል። ወደ ገበቴው (የድምፅ ሣጥኑ)፣ አውታሩ ከሚያርፍበት ብርኩማ አለፍ ብሎ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ያድርጉት። በአውታሩና በብርኩማው መሀል ያለችው ቆዳ የምትሰጠው ነዘር የበገና ነፍስ ናት፤ በጣም ከተጠጉ ግን እሷ ብቻ ትሰማለች። ክፍሉንም በምንጣፍና በመጋረጃ አያፍኑት። አንድ ግድግዳ ባዶ ይተዉለት። በገና ትንሽ አየር ይወዳል።

ከጀሞ፦ ከበሮ መቅዳት እፈልጋለሁ። የታች ቤት ሰዎች ኮሚቴ ጠሩብኝ።

ኮሚቴው እውነት አለው። ብዙ ኮንዶሚኒየም ላይ ወለሉ በቢሞች መሀል ሆሎ ብሎክ ተደርድሮ ላዩ ላይ ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው። ምቱን በቀጥታ ያወርደዋል። ወፍራም ምንጣፍ የላዩን ጩኸት እንጂ ምቱን አይዘውም። ከበሮውን ትከሻህ ላይ አንጠልጥለህ ምታው፤ ወለሉን አያስነካው። ተቀምጠህ ከሆነ ሁለት ኤምዲኤፍ አንዱን በአንዱ ላይ አድርግና በመሀላቸው የቴኒስ ኳሶች በእኩል ርቀት ደርድር፤ አንተም ከበሮውም ላዩ ላይ። እንዳይንሸራተቱ ኳሶቹ የሚያርፉበትን ቀዳዳ ቀድመህ አውጣ።

ይሄም ወፍራሙን ድምፅ አያጠፋም። ቤዝ በክብደት ካልሆነ አይታገድም። 100 ኸርዝ የሆነ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ነው፤ የ3 ሳንቲ እስፖንጅ መኖሩንም አያውቅም። ለአንድ ቀን ትልቅ ስቱዲዮ ተከራይና ከበሮህን ሁሉ ቅዳ። ቀሪውን ቤትህ ትጨርሳለህ።

ከባህር ዳር፦ ሁሉንም ቀዳዳ ዘጋሁ። አሁን ራሴን ያመኛል።

አየር አጥሮህ ነው። ሠርቶልሃል ማለት ነው፤ ግን እንዲህ አትቀጥል። በየግማሽ ሰዓቱ በር ክፈት። ቋሚ መፍትሔ ከፈለግህ ከኤምዲኤፍ ረዘም ያለ ሣጥን ሥራ። ውስጡን በሮክ ዎል አልብሰው፤ በጨርቅም ሸፍነው፤ ክሩ ሳንባህ ውስጥ መግባት የለበትም። አየሩ ሁለት ሦስት ጊዜ እየታጠፈ እንዲሄድ በመሀሉ ከለላ አድርግ። ነፋስ ይታጠፋል፤ ድምፅ በየመታጠፊያው ይዋጣል። አንዱ ማስገቢያ፣ አንዱ ማስወጫ። ቱቦው ሰፊ፣ ነፋሻው ዝግ ያለ ይሁን፤ ጠባብ ቱቦ ራሱ ያፏጫል።

ቡና በከሰል እዚያ ውስጥ እንዳታፈሉ። ቀልዴን አይደለም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል።

ከሐዋሳ፦ ቢት እሠራለሁ። ቤቴ ስሰማው ቤዙ ቆንጆ ነው፤ መኪና ውስጥ ግን ይጠፋል።

ክፍልህ እየዋሸህ ነው። ትይዩ ግድግዳዎች መሀል አንዳንድ ቤዝ ይነግሣል፣ አንዳንዱ ይሞታል። በ3 ሜትር ርዝመት 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ያብጣል። አንተ አበጠ ብለህ ስትቀንሰው ሌላ ቦታ ይጠፋል። ጠረጴዛህን ከማዕዘን አውጣ። አጭሩን ግድግዳ ፊት ለፊት አድርግ። ጆሮህ ከፊት ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት 38 በመቶ ያህል ይራቅ፤ መነሻ ነው፤ ወደፊትና ወደኋላ እያልክ ፈልግ። ማዕዘኖቹ ላይ ከወለል እስከ ኮርኒስ ወፍራም ሮክ ዎል አቁም።

ከዚያ ጓደኛህ መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ያንሸራትት። ተቀምጠህ ስፒከሩን መስታወቱ ውስጥ ያየህበት ቦታ ላይ አንድ ፓኔል። የቀረውን የግድግዳ ቦታ ተወው።

ከደሴ፦ የጎረቤት ዶሮ። መስኮቴ አንድ ቀጭን መስታወት ነው።

ዶሮ ቀላል ነው። ቀጭን ድምፅ ከቤዝ በተቃራኒ በቶሎ ይታገዳል። ያለውን መስታወት አታውጣ። ጠርዙን በሲሊኮን አጥብቀውና ከውስጥ በኩል 10 ሳንቲ ያህል ራቅ አድርገህ ሁለተኛ መስታወት ግጠም። ውፍረቱ ከመጀመሪያው ይለይ፤ አንዱ 4 ሚሊ ከሆነ ሌላው 6፤ እኩል ከሆኑ በአንድ ዓይነት ድምፅ አብረው ይንዘፈዘፋሉ። መሀላቸው ጤዛ እንዳይቋጥር ከመዝጋትህ በፊት በደረቅ ቀን ጥረገው። መስኮቱ የማያስፈልግህ ከሆነ ደግሞ በኤምዲኤፍና በሮክ ዎል የሚነሳ መዝጊያ ሥራና በቀረጻ ሰዓት ብቻ ግጠመው። እስከዚያው ዶሮው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ስለሚጮህ ቮካሉን ማታ ቅዳ።